ስም በሥራው ላይ ወይስ ከሥራው ጋር?

ለደንበኛ በሚሰጥ ፎቶግራፍ ላይ ስለሚታተም ምልክት በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ መጀመሪያ ሲሰሙት ከመሐንዲስ ሙያ የራቀ ይመስላል። ይኸውም ፎቶግራፍ አንሺ ለደንበኛው በሚያስረክበው ፎቶግራፍ ላይ ስሙን ወይም የድርጅቱን ምልክት ማተም ይገባዋልን ወይስ አይገባውም የሚል ነው። ዳሩ ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ከእኛ ሙያ ጋር በሁለት ወገን ይገናኛል። በአንድ ወገን እኛ የፎቶግራፍ አንሺዎች ደንበኞች ነን። የድልድይ፣ የመንገድና የሕንፃ ሥራ ከመሠረቱ እስከ ርክክቡ ድረስ በፎቶግራፍ ይመዘገባል፤ ፎቶግራፉም ከወርኃዊው ዘገባ፣ ከክፍያ ሰርተፊኬቱ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜም ከክርክሩ መዝገብ ጋር ይያያዛል። በሌላው ወገን ደግሞ እኛ ራሳችን የሚገለበጥ፣ የሚባዛና በቀላሉ የሚሰረቅ ሥራ የምናቀርብ ባለሙያዎች ነን። ስለዚህ የፎቶግራፍ አንሺው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው ለማለት ይቻላል።

በዛሬው የፎቶግራፍ ሥራ «ዋተርማርክ» እየተባለ የሚጠራው ምልክት ስያሜውን ያገኘው ከወረቀት ሥራ ነው፤ ትርጉሙም የውኃ ምልክት ማለት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ አገር፣ በተለይም በፋብሪያኖ ከተማ የነበሩ ወረቀት ሠሪዎች፣ በውኃ የተበጠበጠው የወረቀት ጥሬ ዕቃ በሚጠልልበት የሽቦ ወንፊት ላይ በቀጭን ሽቦ የተሠራ ቅርጽ ያኖሩ ነበር። ቅርጹ ባረፈበት ቦታ ወረቀቱ ስለሚሳሳ፣ ደርቆ ወደ ብርሃን በተያዘ ጊዜ የሠሪው ምልክት ይታያል። ልብ ልንለው የሚገባን ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ያ ምልክት በወረቀቱ ሥጋ ውስጥ የተቀበረ እንጂ በላዩ የተጫነ አልነበረም። ጸሓፊው በላዩ ሲጽፍበት አያውከውም፤ አንባቢውም ጽሑፉን ሲያነብ አይጋርደውም። የሠሪውን ማንነት ለማወቅ የፈለገ ሰው ግን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ያየዋል።

ፎቶግራፍ በአገራችን ከተለመደ ወዲህም ፎቶግራፍ ቤቶች ይህንኑ ጨዋነት ጠብቀው ኖረዋል። በየቤታችን ከሚገኙት የቆዩ ፎቶግራፎች ብዙዎቹን ገልብጠን ብናያቸው በጀርባቸው የፎቶግራፍ ቤቱን ማኅተም እናገኛለን፤ አንዳንዶቹም በግርጌያቸው ጠርዝ ላይ እንደ ደረቅ ማኅተም ያለ ጽሑፍ አላቸው። የተነሣው ሰው ፊት የተነሣው ሰው ነው፤ ጀርባው ግን የአንሺው ነው። ዛሬ ፎቶግራፍ በአብዛኛው ጀርባ የሌለው ሆነ። በስልክና በኮምፒዩተር መስኮት የሚታይ ምስል የሚገለበጥ ጀርባ ስለሌለው፣ ቀድሞ በጀርባ የነበረው ማኅተም ወደ ፊት መጣ። ስሙ ብቻ ሳይሆን የስልክ ቁጥሩም አብሮት መጣ። የክርክሩ ሁሉ መነሻ ይህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄውን በትክክል ለመመለስ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በፎቶግራፍ ላይ የሚታተም ምልክት በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛው የቁልፍ ሥራ ነው፤ ይኸውም ዋጋው ያልተከፈለበትን ምስል ማንም ወስዶ እንዳይጠቀምበት መከልከል ነው። ሁለተኛው የፊርማ ሥራ ነው፤ ይኸውም ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ ብሎ መመስከር ነው። ቁልፍ የሚያስፈልገው ንብረቱ ከመሸጡ በፊት ነው፤ ከተሸጠ በኋላ ሻጩ በገዢው በር ላይ ቁልፉን ተክሎ ቢሄድ ነውር ይሆናል። ፊርማ ግን ከሽያጭም በኋላ ይኖራል። ብዙ ክርክር የሚነሣው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት የተነሣ ነው።

ይህን ልዩነት ከማናቸውም ባለሙያ ይልቅ መሐንዲስ ሊያውቀው ይገባል። አንድ ፕላን ገና ረቂቅ ሳለ ለአሠሪው አስተያየት ሲላክ፣ ለግንባታ ያልጸደቀ መሆኑን የሚያመለክት ትልቅ ጽሑፍ በላዩ ላይ እናትምበታለን። ማንም ቢሆን በዚያ ፕላን መሠረት እንዲቆፍር አንፈልግም። ፕላኑ ጸድቆ ለሥራ በተሰጠ ጊዜ ግን ያ ጽሑፍ ይነሣል። ስማችን ግን አብሮ አይነሣም፤ በቀኝ በኩል በግርጌው በሚገኘው ሠንጠረዥ ውስጥ ከፊርማችን፣ ከቀኑና ከፕላኑ ቁጥር ጋር ይኖራል። በጸደቀ ፕላን ላይ የአማካሪው መሥሪያ ቤት ስም በብረቱና በምሰሶው ሥዕል ላይ ተጋድሞ ቢገኝ፣ ግንበኛው የብረቱን ብዛት ሊቆጥር አይችልም፤ እኛም እንዲህ ያለውን ፕላን አንቀበልም። ስም የሌለበትን ፕላን ደግሞ ይበልጡን አንቀበልም፤ ስለ ስሕተቱ የሚጠየቅ ሰው የለምና።

እኔ ለፎቶግራፍ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው የራሳችን ልማድ ነው። ለምርጫ በሚቀርበው ናሙና ላይ ምልክቱ ይታተም፤ በሚረከበው ሥራ ላይ ግን አይታተም፤ ስሙ ግን ከሥራው ጋር ይኑር።

ይህን የምለው ስለ መልክ ማማር ብቻ አስቤ አይደለም። እኔ በተቆጣጣሪነት በሠራሁበት በአንድ ሥራ፣ በአንድ የድጋፍ ግንብ ላይ ስንጥቅ ታየ። ሥራ ተቋራጩ ስንጥቁ የመጣው ከርክክብ በኋላ አሠሪው ከግንቡ በስተጀርባ ባፈሰሰው አፈር ክብደት ነው አለ፤ አሠሪው ደግሞ ከርክክቡ በፊት የነበረ ነው አለ። ጉዳዩን ሊፈታ የሚችለው በርክክቡ ሳምንት አሠሪው በከፈለው ፎቶግራፍ አንሺ የተነሣው ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶግራፉ ጥሩ ነበር፤ ብርሃኑም ርቀቱም የተመረጠ ነበር። ነገር ግን ከጥግ እስከ ጥግ በነጭ ፊደል የፎቶግራፍ ቤቱ ስምና ስልክ ቁጥር ተጋድሞበት ነበር። ስንጥቁ ይጀምርበታል የተባለው ቦታ በትክክል ከቁጥሩ ሥር ዋለ። ያልታተመበት ዋናው ምስል ሲፈለግ የካሜራው ካርድ ሌላ ሥራ ተነሥቶበት ተገኘ። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች ግንቡን ማፍረሻውንና መሥሪያውን ወጪ ለሁለት ተካፍለው ተለያዩ፤ እውነቱ ግን ከፊደሎቹ ሥር ቀረ።

በዚያን ጊዜ ፊደሎቹን በኮምፒዩተር እናስጠፋቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይህ የማይሆንበትን ምክንያት ማስረዳት ይጠቅማል። አንድ ምልክት ፈጽሞ የማያሳልፍ ሆኖ ከታተመ፣ በሥሩ የነበረው መረጃ ጠፍቷል። ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች ክፍቱን ቦታ አካባቢውን በሚመስል ነገር ይሞሉታል እንጂ ካሜራው ያየውን አይመልሱም። ለሥዕል ይበቃ ይሆናል፤ ለማስረጃ ግን የሐሰት ምስክር ማቆም ነው።

የሰው ሕይወትም ከግንብ ይበልጣልና አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሰው በሞተ ጊዜ ቤተ ሰቡ ፎቶግራፉን አስልቆ በፍሬም አድርጎ በለቅሶው ቤት ያኖረዋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልካም ፎቶግራፍ በሠርግ ወይም በምረቃ ቀን የተነሣው ነው። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ በሟች ደረት አካባቢ የንግድ ቤት ስልክ ቁጥር ታትሞበት ሲገኝ፣ ሐዘንተኛው የሚወደውን ሰው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆኖ ያገኘዋል። ዋጋውን ከፍሎ የገዛውን ምስል እንደ ገና ሰው ፈልጎ ያስጠግናል። ይህን ጉዳት ያደረሰው ፎቶግራፍ አንሺ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ከተነሣበት ቀን አልፎ እንደሚኖር አላሰበም።

ይሁን እንጂ የፎቶግራፍ አንሺውን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ ፍርድ አይሆንም። የፎቶግራፍ አንሺው ስም የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የአንቲታም ውጊያ ከተደረገ በኋላ፣ የወደቁት ወታደሮች ፎቶግራፎች በኒው ዮርክ በማቲው ብሬዲ አዳራሽ ለሕዝብ ታዩ። ሕዝቡም የብሬዲ ሥራ ናቸው አለ። ያነሷቸው ግን በእርሱ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩት አሌክሳንደር ጋርድነርና ጄምስ ጊብሰን ነበሩ። ጋርድነር ከብሬዲ ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ1866 ስለ ጦርነቱ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ፣ በየፎቶግራፉ አጠገብ ያነሣውን ሰው ስም ጻፈ። ቲሞቲ ኦሱሊቫንን የመሰሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች ዛሬ በሥራቸው የሚታወቁት በእንዲህ ያለው ጥንቃቄ ጭምር ነው። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ስም ካልተጻፈ ሥራው የሌላ ሰው ይሆናል፤ የድርጅት ምልክት ብቻ ከተጻፈም የሠሪው ሰው ስም በምልክቱ ሥር ሊቀበር ይችላል። ጋርድነር ግን ስሞቹን የጻፈው ከምስሉ አጠገብ እንጂ በሙታኑ ላይ አልነበረም።

በዛሬው ጊዜ አንድ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣው የሕንፃ ምስል በቀን መቁጠሪያ፣ በጨረታ ሰነድና በድርጅቶች ግድግዳ ላይ ያለ ስሙ ሲዞር ያያል። ስሙ ቢታወቅለት ኖሮ ከዚያ ምስል የተነሣ ሌላ ሥራ ባገኘ ነበር። ምልክቱን በምስሉ መካከል የሚያሳርፈው በትዕቢት አይደለም፤ እንጀራው እንዳይቋረጥበት ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላልና፣ የናቁት ሰዎች አጥሩን ስለ ነቀነቁበት አጥሩን ማጥበቁ ነው። እኛ አሠሪዎች ምልክቱን አንሣልን ስንለው፣ በምትኩ ምን እንደምንሰጠው መናገር አለብን።

ሕጋችንም በዚህ ነገር መልካም መነሻ ይሰጠናል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን መብት በሁለት ይከፍለዋል፤ ኢኮኖሚያዊ መብትና የሞራል መብት ብሎ። በውል ታዞ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለመብቱ ያሠራው ወገን ነው። ነገር ግን ሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት ባይኖረውም እንኳ የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት አለው። እንግዲህ ደንበኛው «ከፍያለሁ፤ የማንም ስም አይኑርበት» ቢል ከመብቱ አልፏል፤ ፎቶግራፍ አንሺውም «እኔ ስላነሣሁት በመካከሉ እጽፍበታለሁ» ቢል ከገባው ውል አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1886 መጀመሪያ የተፈረመው የበርን ስምምነትም ስሙ በሥራው ላይ በተለመደው ሁኔታ የተገለጠ ሰው፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ደራሲ ሆኖ እንዲቆጠር ይደነግጋል። በተለመደው ሁኔታ ማለት ግን የግድ ምስሉን በሚሸፍን ሁኔታ ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ቁልፉ ነገር ልመለስ። በሚረከበው ምስል ላይ የሚታተመው ምልክት ቁልፍ ሆኖ ያገለግላልን? በእኔ አስተያየት ደካማ ቁልፍ ነው፤ ይህንንም በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ዲጂታል ምስል ፒክስል ከሚባሉ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ የእያንዳንዱም ነጥብ ብርሃን በተለመደው አሠራር ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይገለጣል። ብርሃኑ 100 በሆነ ነጥብ ላይ 255 የሆነ ነጭ ምልክት በ40 በመቶ ክብደት ቢታተም፣ አዲሱ ነጥብ የ100 60 በመቶና የ255 40 በመቶ ድምር ነው፤ ይኸውም 60 እና 102፣ በጠቅላላው 162 ይሆናል። የምልክቱን ቅርጽና ክብደት ያወቀ ሰው ከ162 ላይ 102 ቀንሶ በ0.6 ቢያካፍል ያንኑ 100 ያገኛል። ቁልፉን ለመክፈት የሚበቃው የተማሪ ሒሳብ ነው ማለት ነው።

የምልክቱን ቅርጽና ክብደትስ ከየት ያውቃል ቢባል፣ ከራሱ ከፎቶግራፍ አንሺው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የጉግል ተመራማሪዎች ባቀረቡት ጥናት፣ አንድ ዓይነት ምልክት በብዙ ምስሎች ላይ ሲደጋገም ኮምፒዩተር ምልክቱን ከምስሎቹ ለይቶ ሊያነሣው እንደሚችል አሳይተዋል። ምስሎቹ ይለያያሉ፤ ምልክቱ ግን አይለወጥምና። እንግዲያው 500 የሠርግ ፎቶግራፎችን አንድ ዓይነት ምልክት አትሞ ያስረከበ ሰው፣ ቁልፉንና መክፈቻውን በአንድ ኮሮጆ አስረክቧል ማለት ነው። ምልክቱን ለመስረቅ ያሰበ ያነሣዋል፤ የሚጎዳው ሐቀኛው ደንበኛ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚሻል ቁልፍ አለ፤ እርሱም የምስሉ መጠን ነው። በወርዱ 6000 በቁመቱ 4000 ነጥብ ያለው ምስል 24 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። ለመልካም ኅትመት እንደሚለመደው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢታተም ወርዱ 51፣ ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በግድግዳ ላይ ሊሰቀል የሚችል ነው። ያንኑ ምስል ወደ 1200 በ800 ብናሳንሰው 960 ሺህ ነጥብ ብቻ ይቀረዋል፤ ከዋናው 25 እጅ አንዱ ነው። በዚያው ጥራት ቢታተም ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በስልክ ላይ አይቶ ለመምረጥ ይበቃል፣ ለአልበምና ለግድግዳ ግን አይሆንም። ስለዚህ ለምርጫ የሚላከው ናሙና ይነስ፤ ምልክትም በላዩ ይታተም፤ ክፍያው ሲፈጸም ሙሉው ምስል ንጹሕ ሆኖ ይሰጥ። የጠፋ ነጥብ በሒሳብ አይመለስምና ይህ ቁልፍ በቅንሳሽና በማካፈል አይከፈትም።

ፊርማውስ ጀርባ በሌለው ምስል ወዴት ይኖራል? ዲጂታል ምስልም ጀርባ አለው፤ ነገር ግን በዓይን አይታይም። በምስሉ ፋይል ውስጥ የአንሺው ስም፣ አድራሻና የመብቱ ማስታወቂያ የሚጻፍበት ክፍል አለ፤ ብዙ ካሜራዎችም ስሙን አንድ ጊዜ ከመዘገቡ በኋላ በየምስሉ ውስጥ ይጽፉታል። የዚህ ጀርባ ድካም በቀላሉ መፋቁ ነው። ለምሳሌ በቴሌግራም ምስሉን እንደ ፎቶ የላከ ሰው ምስሉን ከማሳነሱም በላይ ይህን ጽሑፍ ያጠፋዋል፤ እንደ ፋይል የላከው ግን ሁሉም እንዳለ ይደርሳል። ይህን ድካም ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2021 አዶቤ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቢቢሲና ሌሎችም ድርጅቶች ተባብረው፣ የምስሉን ምንጭና በላዩ የተደረገውን ለውጥ በማይካድ ዲጂታል ፊርማ የሚያያይዝ ደንብ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023ም ላይካ ይህን ፊርማ ምስሉ በተነሣበት ቅጽበት የሚያኖር ካሜራ ለገበያ አወጣ። አካሄዱ ወደ ፋብሪያኖ ወረቀት የሚመልስ ነው፤ ምልክቱ በሥጋው ውስጥ እንጂ በፊቱ ላይ አይደለም።

አንዳንድ ባልደረቦች እንዲህ ብለው ይቃወሙኝ ይሆናል፤ በማኅበራዊ መገናኛ የሚወጣ ምስል ስሙ በዓይን ካልታየ ማን የተደበቀ ጽሑፍ ከፍቶ ያነባል? ተቃውሞው እውነት ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ሁለት ዓይነት ቅጅ ቢያስረክብ መልካም ነው፤ አንደኛው ለኅትመትና ለመዝገብ የሚሆን ሙሉና ንጹሕ ምስል፣ ሁለተኛው አነስ ያለ፣ ስሙ በግርጌው ጠርዝ በትናንሽ ፊደል የተጻፈበት ለሕዝብ ማሳያ የሚሆን። ደንበኛውም ስሙን ቆርጦ ላያወጣ ይስማማ። ዋጋ የተቀነሰለት ወይም በነፃ የተሠራለት ደንበኛ ምልክቱ እንዲኖር አስቀድሞ ከተስማማ ደግሞ የሚቀየምበት ምክንያት የለም። ክፉው ነገር ምልክቱ ሳይሆን ድንገተኛነቱ ነው፤ ደንበኛው ያልተነገረውን ነገር በርክክብ ቀን ማግኘቱ ነው።

ከዚህ በላይ ከተናገርሁት በመነሣት ለማኅበራችን አባላት አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ፎቶግራፍ ስናሠራ በጽሑፍ እንዋዋል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በውሉም የሚረከበው ምስል ምልክት የሌለበት መሆኑ፣ መጠኑና የሚረከብበት ጊዜ ይገለጥ።

ሁለተኛ፤ በዚያው ውል ምስሉን በዘገባ፣ በመጽሔት ወይም በማስታወቂያ በምናወጣበት ጊዜ ሁሉ የአንሺውን ስም ከምስሉ አጠገብ ልንጽፍ ግዴታ እንግባ። ምልክቱን ካላነሣህ ብለን ስሙን የምናስቀር ከሆንን ምልክቱን የማንሣት መብት የለንም። ይህን መጽሔት ከማዘጋጀት ጀምሮ ልማዱን እኛው ልናሳየው እንችላለን።

ሦስተኛ፤ ለክርክር ሊቀርብ የሚችል የሥራ ፎቶግራፍ ሁሉ ዋናው ፋይል አንዳች ሳይጻፍበትና ሳይታረም በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ቅጅም ሲላክ እንደ ፋይል ይላክ።

አራተኛ፤ ክፍያውን በጊዜው እንፈጽም። ፎቶግራፍ አንሺ ቁልፉን የሚያጠብቀው ብዙ ጊዜ ያልከፈሉት ደንበኞች ስላስተማሩት ነው። በጊዜው የሚከፍል አሠሪ ንጹሕ ምስል ለመጠየቅ አፉን ሞልቶ ይናገራል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ስምን ከመቃብር በላይ የሚያውለው ግን የፊደሉ ትልቅነት አይደለም፤ ስሙ የተያያዘበት ሥራ ሳይበላሽ መቆየቱ ነው። የድልድይ መሐንዲስ ስሙን በመንገዱ መካከል አይጽፍም፤ መኪናዎች ያልፉበታልና። በድልድዩ ጫፍ በምትገኝ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ ድልድዩ እስከ ቆመ ድረስም ይነበባል። ያችን ሰሌዳ ለፎቶግራፍ አንሺውም አንንፈገው።